የሱፍ ዘይት የጠጣች መኪና

በእኛ ሰፈር የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም። ኮፈኑ ገና ቀና ሲል አንዱ ከሱቅ ደጃፍ፣ አንዱ ከታክሲ ሰልፍ፣ አንዱ ለቅሶ ሊደርስ ከወጣበት መንገድ ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ዝም ብለው ያያሉ። ከዚያ አንዱ «ካንዴላ ነው» ይላል። ሌላው «ምን ካንዴላ ታወራለህ፣ ነዳጅ አይደርሳትም» ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም በንቀት አይቶ እጁን ወደ ሞተሩ ይሰድና የሆነ ሽቦ ነቅነቅ ያደርጋል። ባለቤቱን የሚጠይቅ የለም፤ በተለይ ባለቤቱ ሴት ከሆነች። እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው፤ ለመማርም ፈልጌ አልነበረም።

መኪናዋን የገዛሁት ለራሴ አይደለም። ሱቄ አየር ጤና ነው፤ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር እሸጣለሁ። ሱቁን የከፈተችው እናቴ ናት፤ ወደ እኔ የዞረው ጉልበቷ እምቢ ሲላት ነው። ከቤት እስከ ሱቅ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሲዘንብ ታክሲ እጋፋለሁ፣ መኪና አምሮኝ አያውቅም። ያስገዛኝ የእናቴና የአክስቴ ነገር ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ የምትኖረው ሳንሱሲ ነው። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ያደጉ፣ ከተዳሩም በኋላ ሳይገናኙ ሳምንት የማያልፋቸው እህትማማቾች ነበሩ። ሲገናኙ አማርኛውን በጉራጊኛ እየቀላቀሉ ያወራሉ፤ እኔ እንዳልሰማ ሲፈልጉ ደግሞ አማርኛውን ጨርሰው ይተዉታል። ከዚያ የእናቴ ጉልበት ታመመና ታክሲ ላይ መውጣት አቃታት። አክስቴም ከቤት የማትወጣ ሆነች። ቢሆንም ስልክ ነበር፣ በስልክ ይጠጋገኑ ነበር።

ቀጥሎ የአክስቴ ጆሮ ደከመ። እናቴ ስልኩን ይዛ «እትዬ! እንዴት ነሽ?» ብላ ስትጮህ ጎረቤቱ ሁሉ «ደህና ነን» ሊል ምንም አይቀረው፤ አክስቴ ግን ከወዲያ «እህ? ማነው? እህ?» ትልና ተስፋ ቆርጣ ስልኩን ለሠራተኛዋ ትሰጣለች። ሠራተኛዋም «ደህና ነኝ በያት ይላሉ» ብላ ትዘጋለች። እናቴ የተዘጋውን ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን ታያለች። ያንን ማየት አልቻልኩም። አክስቴ ፊት ለፊት የሚያወራትን ሰው ከንፈሩን አይታ ሁሉን ነገር ትሰማለች፤ ችግሩ ሁለቱን ፊት ለፊት የሚያደርሳቸው መጥፋቱ ነው። ከአየር ጤና ሳንሱሲ እኮ ነው! ሰው በየቀኑ ሥራ ውሎ የሚመለስበት መንገድ።

አንዴ በስልክ የሚጠራ ታክሲ አስመጥቼ ነበር። እናቴ አንድ እግሯን አስገብታ ሌላውን በእጇ እያነሳች ሳለ ከኋላ የቆሙት መኪኖች ክላክስ አቀለጡት። ሹፌሩም ክፋት ሳይኖረው «እማማ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ» አላት። ፈጠን እላለሁ ብላ ተንሸራታ ወደቀች። ስብራት አልደረሰባትም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው እየጠበቃት መኪና ውስጥ አልገባም አለች። «የራሳችን ቢሆን እኮ» አለች አንድ ቀን፣ ጉልበቷን እያሸች፣ «እስኪመሽ ብገባ ማን ይናገረኛል?» እየቀለደች ነበር። እኔ ግን ቀልድ አይገባኝም፤ ገዛሁ።

የሻጩ ደላላ «አንዲት ዶክተር ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ብቻ የነዳቻት ናት» አለኝ። በዚህ ከተማ አሮጌ መኪና ሁሉ አንዲት ዶክተር ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ብቻ የነዳችው ነው። ይህቺ ዶክተር ሥራዋን መቼ ትሠራ እንደነበር አልጠየቅኩትም፤ የጠየቅኩት የፊት ወንበሩ ወደ ኋላ ምን ያህል እንደሚሄድ ነው። ብዙ ይሄዳል። በቃኝ።

መኪናዋን ግቢ ሳስገባ መጀመሪያ ያያት ጎረቤታችን ነው። ጋሼ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አሁን የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ ነው። ዙሪያዋን ሄደ፣ ጎማዋን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ ውስጧን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«አውቶማቲክ ናት እንዴ?»

«አዎ ጋሼ። መንጃ ፈቃዴ የአውቶማቲክ ነው።»

«በግፊ የማትነሳ መኪና መኪና ናት? ባትሪ የከዳሽ ለት ሰፈሩ በሙሉ ቢሰለፍ አይረዳሽም እኮ፣ ልጄ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምክር እንደ ቧንቧ ውኃ ሆነ፤ ቧንቧው ግን አይዘጋም። ጠዋት ሳታሞቂ አትንጂ። እያሞቅሽ ነዳጅ አታቃጥይ። ጎማዋን ንፊው። ጎማዋን አታስወጥሪው። አንድ ማታ የፊት መብራቷን ሳላጠፋ ገብቼ ኖሮ፣ ጠዋት ቁልፉን ባዞረው ጭጭ አለች። ጋሼ ካፖርቱን ደርቦ መጣና እናቴ መስኮት ሥር ቆሞ ለሰፈሩ በሙሉ ንግግር አደረገ። «መብራት አብርቶ የሚተኛ ሰው ባትሪ ይወርድበታል! ቁልፉን ብትነቅዪውም መብራቱ ይበላል! ረሳሁ በይና እንገላገል!» እኔ ደግሞ አልረሳሁም፣ ባትሪው ነው ያረጀው ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩት። ለሱ አንድ ጊዜ ከተረታሁ ዕድሜ ልኬን እንደማይለቀኝ አውቃለሁ። እናቴ ሁሉንም ከመስኮቷ ትሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እራት ከመብላታችን በፊት «መብራቱን አጥፍተሻል?» ማለት ጀመረች።

የመጀመሪያው ጉዟችን ያለቀው ጦር ኃይሎችን አልፈን ዳገቱን እንደጀመርን ነው። እናቴ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለእህቷ ያዘጋጀችውን ቆጮና አይብ በዘንቢል ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ለመግባት የፈጀችውን ጊዜ አልነግራችሁም፤ ክላክስ ያደረገባት ግን አልነበረም። ድንገት ከኮፈኑ ሥር ጭስ የሚመስል እንፋሎት ተነሳ። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ከፈትኩ፣ ሕዝቡ መጣ። ውኃ ጨምሪ፣ ውኃ እንዳትጨምሪ፣ ክዳኑን ክፈቺው፣ ክዳኑን ብትከፍቺው ፊትሽን ያነድሻል። አንዱ ጭራሽ መኪናዋን ሸጬ ባጃጅ እንድገዛ መከረኝ። ተበሳጭቼ የማላውቀውን ሰውም መኪናዋንም ሰደብኩ። እናቴ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ተያት ልጄ፣ አትቆጪያት። እሷም እንደኔ ዳገት ነው የከበዳት» አለችኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። በገመድ ተጎትተን ተመለስን፤ ቆጮውን ራሳችን በላነው።

አየር ጤና ከሱቄ ጀርባ ጋራዥ አለ። መካኒኩ ጥሩ ሰው ነው፤ አንድ በሽታ ብቻ አለበት፤ ሁሉም ነገር ለሱ ቀላል ነው። «እህቴ፣ ቀላል ነው፣ የራዲያተር ጎማ ነው» አለኝ። ጎማው ሲቀየር ራዲያተሩ ራሱ ያፈሳል። «ቀላል ነው፣ ይበየዳል።» ተበየደ። ቦሎ ለማሳደስ ለምርመራ ሳቀርባት ደግሞ የእጅ ፍሬኗ አይዝም ተባልኩ። «እሱማ ቀላል ነው!» አለ መካኒኩ፣ ደስ ብሎት። ይህን ቃል ስሰማ ጥርሴን ማፋጨት ጀምሬ ነበር። ቀላል ነው ያለኝ ነገር ሁሉ ዕቃ ፍለጋ መዞር፣ «ነገ ነይ» መባል፣ ነገ ሲደርስም ኤሌክትሪክ መጥፋት ነበረው።

በዚህ መሃል የአክስቴ ሠራተኛ ደወለች። «እትዬ እየደከሙ ነው» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምግብ አይበሉም። ሌሊት ሌሊት እህቴ፣ እህቴ ይላሉ።» ለእናቴ ልደብቃት ፈልጌ ነበር፤ ፊቴን አይታ ግን ሁሉን አወቀች። ነጠላዋን እንደገና አጥባ አሰጣች።

የምርመራው ሰልፍ ሞልቶ የፈሰሰበት አንድ ሳምንት አልፎ መኪናዋ ቦሎዋን መስታወቷ ላይ ለጥፋ ወጣች። እሑድ ልንሄድ ተቀጠረ። ቅዳሜ ሱቅ ስሄድ ጋሼን ለመጀመሪያ ጊዜ በትሕትና ለመንኩት፤ እስቲ አንዴ ይዩልኝ፣ መንገድ ላይ እንዳታዋርደኝ አልኩት። ሰውዬው ክብር ሲሰጠው ያምርበታል፤ «ነገሩን ለኔ ተዪው» አለ።

የሆነውን በኋላ ነው ከሁለቱም አፍ የሰማሁት። ጋሼ መጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘና አየ። ወደ እናቴ መስኮት ዞሮ «ዘይት ጎድሏታል! ዘይት ሳይጨመርባት አትንቀሳቀስም! እኔ ቤት አለ፣ አመጣለሁ» አላት። የሚጨመርበትን ክዳን ከፍቶ ሞተሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ። በር ላይ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ ሰፈር ውስጥ ሰው አርፏል፣ የዕድሩ ድንኳን ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። በዚያው ሄደ፤ ዘይቱም ተረሳ።

እናቴ ጠበቀች። ሰዓቱ ሄደ፣ ሰው የለም። ኮፈኑ እንደተከፈተ ነው። ዘይት ሳይጨመርባት አትንቀሳቀስም ተብሏል። ነገ እሑድ ነው። እህቷ ምግብ አትበላም።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ እናቴን ያገኘኋት ግቢው ውስጥ፣ መኪናዋ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። ከዘራዋን በጉልበቷ መሃል ይዛ እንደ ዘበኛ ትጠብቃታለች። ፊቷ በርቷል።

«ጋሼሽ ጥሎኝ ሄደ» አለችኝ። «እኔ ግን ዘይቱን ሰጥቻታለሁ።»

«የምን ዘይት?»

ባዶውን የዘይት ጀሪካን በከዘራዋ አሳየችኝ። የወጥ ቤታችን ጀሪካን ነው።

ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም፤ የተናገርኩትን ግን ጎረቤት ሁሉ ያስታውሳል። «እማዬ! መኪና ናት እንጂ ድስት ናት? ሞተር እኮ ነው! በወራት አንዴ ለመንቀሳቀስ የተዘጋጀችውን መኪና ገደልሻት! አሁን በምን እንሂድ? በምን?»

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ የጠረጠርኳት በስስት መሰላት፣ ተቆጣች።

«የሚረጋው መሰለሽ እንዴ? የሱፉን እኮ ነው የሰጠኋት! ለጾም ያስቀመጥኩትን! እሱ ዘይት ነው ያለው፤ ዘይት አላለም? ጥሩውን ነው የሰጠኋት!»

በእኛ ቤት የሱፍ ዘይት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚረጋው ዘይት የዘወትር ነው። የሱፉ ቁም ሳጥን ውስጥ በቁልፍ ነው የሚቀመጠው፤ ለእኔ እንኳ ስታመም አይሰጠኝም። ሙሉውን ጀሪካን ለመኪናዋ ገልብጣላታለች። አፌን ልከፍት ስል በረንዳችንን አየሁ። ደረጃውን አየሁ። በርጩማውን አየሁ።

«እማዬ» አልኩ፣ «ማን አወረደሽ?»

«ማን ያወርደኛል? ሰው አለ?»

ያንን ደረጃ ከወደቀች ወዲህ ያለ እኔ ክንድ ወርዳው አታውቅም። ጀሪካኑን በአንድ እጇ፣ ከዘራዋን በሌላው ይዛ፣ ብቻዋን ወርዳለች። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ጉልበቷን ይዤ አለቀስኩ። እሷ ደግሞ ለዘይቱ የማለቅስ መስሏት «እገዛልሻለሁ፣ ተዪ» ትለኛለች።

መካኒኩ ጋ ደወልኩ። ከዚያኛው ወገን እንደታፈነ ሳቅ ያለ ነገር ሰማሁ። «አስነስተሻታል?» አለኝ። አላስነሳኋትም። «ቁልፉን እንዳትነኪው። ነገ ከአምልኮ በኋላ እመጣለሁ። እህቴ፣ አትጨነቂ፣ ቀላል ነው።»

እሑድ ረፋዱ ላይ ከነሙሉ ልብሱ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ መጣ። ቱታውን ከላይ አጠለቀ፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ሰፈሩ ከመኪናዋ ሥር የሚወጣውን ለማየት ተሰብስቧል። አንዱ «ሞተሩን አስነሺውና ሳምቡሳ ጥበሽ ሽጪልን» አለ። ጋሼ እናቴ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል፤ «ዘይት ነዋ ያልኩት፣ የሞተር ማለት ነበረብኝ» ይላል ደጋግሞ። እሷም ከበረንዳው ሆና «አይዞህ፣ ልብህ ለቅሶ ላይ ነበር» ትለዋለች። ሳፋው ውስጥ የሱፉ ዘይት ከአሮጌው ጋር ተደባልቆ ጠቁሮ ሲወርድ «ወይኔ ዘይቴ!» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ ካመጣው የሞተር ዘይት ትንሽ ገብቶ፣ እሱም ወጥቶ፣ ውስጧ ታጥቦ፣ ፊልትሮ ተቀይሮ፣ አዲሱ ዘይት ተሞላ። ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች፤ ድምፅዋም ከበፊቱ ለስለስ ያለ መሰለኝ። መካኒኩ እጁን እየጠረገ አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀላል ነው ያለው ነገር ቀላል ሆኖ ነበር፤ ከኔ ይልቅ የተገረመው ራሱ ነው።

ጦር ኃይሎችን አለፍን። ዳገቱ ላይ ዓይኔን ከሙቀት መለኪያው አላነሳሁም፤ መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። እናቴ ዊንጌት ስንደርስ መዘመር ጀመረች። አስኮ ላይ መዝሙሩን ትታ ዘንቢሏ ውስጥ ያለውን አዲስ ቆጮ ማስተካከል ጀመረች። መኪናዋን አክስቴ ግቢ አስገብቼ ፀሐዩ ላይ አቆምኩና፣ ቁልፉን ነቅዬ፣ እናቴን ውስጥ ትቼ በር ላንኳኳ ሄድኩ።

አክስቴ በሠራተኛዋ ተደግፋ ወጣች። ከስታለች፤ እጅግ ከስታለች። እናቴ ከመኪናዋ እየወረደች ነበር፣ በራሷ ጊዜ፣ አንድ እግር፣ ቀጥሎ ሌላው። ማንም አላስቸኮላት። ሲተያዩ አልተላቀሱም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አክስቴ የእናቴን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ከንፈሯን ተመለከተች።

«በምን መጣሽ?» አለቻት።

«በሱፍ ዘይት!» አለቻት እናቴ፣ ቃሉን አፏ ውስጥ እያላመጠች፣ ቀስ አድርጋ።

አክስቴ ከንፈሯን አንብባ፣ እንደገና አንብባ፣ የተሳሳተች መስሏት ወደኔ ዞረች። ታሪኩ ሲነገራት የሳቀችው ሳቅ ሠራተኛዋን ከጓዳ አስወጣት። ያን ቀን ምሳዋን በላች። ቆጮውንም ደገመች።

ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ልንመለስ ተነሳን። ቁልፉን አዞርኩ። ጭጭ። ደግሜ አዞርኩ። የግቢው ሰዎች ሊገፏት መጡ፤ አውቶማቲክ ናት፣ በግፊ አትነሳም አልኳቸው። ባትሪ የሚያጋራን መኪና ያለው ጎረቤት ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ጠዋት ነው የሚመለሰው ተባለ። ልጮህ አፌን ስከፍት እናቴ ከበረንዳው ላይ «ተያት ትረፍ፣ ደክሟታል» አለች። «ሱቁን ነገ ረፈድ አድርገሽ ትከፍቻለሽ።» መሪው ሥር ያለውን የፊት መብራት ማብሪያ አየሁ። በርቷል። እኔ ቀን በፀሐይ መብራት አላበራም፤ ከቤት ስንነሳም አላበራሁም።

እራት ልናቀርብ ጓዳ ከሠራተኛዋ ጋር ሽንኩርት ስንከትፍ ከሳሎን የሁለቱ ድምፅ ይሰማኛል። ጉራጊኛ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ጉራጊኛ፤ እኔ እንዳልሰማ ማለት ነው። ነገር ግን ሳሎኑ ጨለምለም ብሎ የከንፈር ንባብ አስቸግሯል መሰለኝ፣ እናቴ መጮህ ነበረባት። ጉራጊኛዬ ትንሽ ነው። በመሃል ግን «መብራት» የሚለው ቃል ጥርት ብሎ መጣ። ቀጥሎ «ባትሪ»። ቀጥሎ የአክስቴ ሳቅ፣ እጅ ለእጅ የመመታታት ድምፅ።

ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው፤ በሰላም ደርሰን እንደሆነ ሊጠይቅ።

«ደርሰናል፣ ግን እናድራለን» አልኩት። «አልነሳ ብላኝ። ባትሪው ወረደ።»

«መብራቱን ረስተሽ ነዋ! አልነገርኩሽም? ያን ዕለት አልነገርኩሽም? ረስተሽ ነው፣ አይደል?»

ከሳሎን እናቴ ደግማ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር።

«አዎ ጋሼ» አልኩት። «ረስቼው ነው።»